ሂፕኖቲዝምና ራስን በራስ መርዳት፤ ኀይሉ ከማን ዘንድ ነው?

ሂፕኖቲዝም የሚባለው ጥበብ በአማርኛ ሲነገር ብዙውን ጊዜ «ማፍዘዝ» ወይም «ማደንዘዝ» ይባላል። ይህ አጠራር ነገሩን ከማይገባው ዘመድ ጋራ ያገናኘዋል። «አፍዝ አደንግዝ» በተባለው አስማት እንደሚታመነው ኀይሉ ሁሉ የአስማተኛው ነው፤ የተደረገበት ሰው ፈቃዱን የተነጠቀ ነው። ገንዘቡን በገዛ እጁ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ኋላ የባነነ ሰውም የደረሰበትን ነገር በዚሁ ስም ይጠራዋል። እንግዲህ ሕመምተኛ ሂፕኖቲዝምን እንዲህ አድርጎ ከተረዳው፣ ወይ ፈርቶ ከሚጠቅመው ሕክምና ይሸሻል፤ ወይም «ኀይል አለኝ» ለሚል ለማንኛውም ሰው ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ሁለቱም ጕዳት ነው። የጥበቡ ታሪክ የሚያስረዳው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም የፈውሱ ኀይል ከአድራጊው እጅ እየወጣ፣ ቀስ በቀስ ወደ ታማሚው ወደ ራሱ መመለሱን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፩. ከመግነጢስ ወደ ምናብ

የዚህ ታሪክ መነሻ ፍራንትስ አንቶን ሜስመር (1734–1815) የተባለው ሐኪም ነው። ሜስመር በቪየና ተምሮ በ1778 ወደ ፓሪስ ገባ። በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚፈስ አንድ ረቂቅ ፈሳሽ እንዳለ፣ ሕመምም የዚህ ፈሳሽ መታገድ እንደ ሆነ ያስተምር ነበር። ሕመምተኞቹ ውኃ በተሞላ ትልቅ የእንጨት ገንዳ ዙሪያ ተቀምጠው ከገንዳው የወጡትን የብረት ዘንጎች ከሚያማቸው ስፍራ ላይ ያሳርፋሉ፤ እርሱም በመካከላቸው እየተዘዋወረ እጁን ሲያሳልፍባቸው አንዳንዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይወድቃሉ። ከዚያም ብዙዎቹ እንደ ተሻላቸው ይናገራሉ።

በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ። ከአባሎቹ መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪ ሊቅ ላቯዚዬ ይገኙ ነበር። ጉባኤው ካደረጋቸው ፈተናዎች አንዱ እጅግ ግልጽ ነው። የሜስመር ተከታይ ደስሎን በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ ካሉት ዛፎች አንዱን ብቻ «መግነጢሳዊ» አደረገው። ከዚያም የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑ ታስሮ ወደ ልዩ ልዩ ዛፎች ተወሰደ። ልጁ በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ያ ዛፍ ግን ምንም ያልተደረገበት ነበር። መርማሪዎቹም ምናብ ያለ መግነጢስ ሥራውን ይሠራል፣ መግነጢስ ግን ያለ ምናብ አንዳች አይሠራም ሲሉ ደመደሙ።

ይህ ፍርድ ሜስመርን አዋረደው። ነገር ግን ከዚያው ውስጥ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ በልብ የተሣለ ሐሳብ ብቻውን ሰውን መጣል ከቻለ፣ ማንሣትስ ስለ ምን አይችልም? በዚያው ዓመት ማርኪ ደ ፒዩሴጉር በርስቱ በቡዛንሲ ቪክቶር የተባለውን ወጣት ገበሬ ሲያክም፣ ልጁ ሳይንቀጠቀጥ ጸጥ ባለ ሰመመን ውስጥ ገብቶ አጥርቶ መናገር ጀመረ። በዚህም የሚጥለው ግርግር ለፈውሱ አስፈላጊ አለመሆኑ ታወቀ። ከጎዋ ተወልዶ በፓሪስ ያስተማረው ካህን አቤ ፋሪያ (1756–1819) ደግሞ ኀይሉ በአድራጊው ሳይሆን በተደራጊው አእምሮ ውስጥ እንደ ሆነ በግልጽ ተናገረ።

፪. ስሙና ስሕተቱ

«ሂፕኖቲዝም» የሚለውን ስም ያስለመደው በማንችስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ነው። ብሬይድ በ1841 አንድ መግነጢሰኛ በአደባባይ ሲሠራ አይቶ ነገሩን በቤቱ መረመረ። ሰው አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ከዐይኑ ከፍ አድርጎ ትኵር ብሎ ሲመለከት ሌላ ሰው ሳይነካው ወደ ሰመመን እንደሚገባ ተረዳ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ሁኔታውን በግሪክኛ እንቅልፍ ማለት ከሆነው «ሂፕኖስ» ከሚለው ቃል አውጥቶ ሰየመው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ግን ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑን፣ ይልቁንም አእምሮ በአንድ ሐሳብ ላይ ብቻ መሰብሰቡ መሆኑን ስላወቀ ስሙን ሊለውጠው ፈለገ። ስሙ ግን አስቀድሞ ተስፋፍቶ ነበርና አልተሳካለትም። ብሬይድ ይህንኑ ዘዴ በራሱ ላይ ሞክሮ የቍርጥማት ሕመሙን እንዳስታገሠ መጻፉ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ታላቅ ምስክር ነው፤ በዚያን ጊዜ አድራጊውና ተደራጊው አንድ ሰው ሆነዋልና።

በዚያው ዘመን በቤንጋል የነበረው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ኤስዴይል ከ1845 ጀምሮ በሰመመን ብዙ ከባድ የቀዶ ሕክምና ሥራዎችን ሠራ። ሕመምተኞቹን በሰመመን የማስገባቱን አድካሚ ሥራ በአብዛኛው የሚፈጽሙት የአገሩ ተወላጆች የሆኑ ረዳቶቹ ነበሩ። በ1846 ኤተር፣ በ1847 ክሎሮፎርም ሲገኝ ግን፣ እነዚህ ፈጣኖችና ለሁሉም የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ሂፕኖቲዝም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጣ።

፫. ሕመምተኛው የሚማረው ነገር

ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው በ1880ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ የተነሣው ክርክር ነው። በፓሪስ የሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ታላቅ ሐኪም የነበረው ሻርኮ፣ ሂፕኖቲዝም የሂስቴሪያ በሽታ ምልክት ነው፣ ሦስትም የታወቁ ደረጃዎች አሉት ይል ነበር። የናንሲ ከተማ ሐኪሞች ሊዬቦና በርንሃይም ግን ሰመመኑ በጤነኛም ሰው ላይ የሚገኝ፣ ሐሳብን በቃል አማካይነት በሌላው አእምሮ ከማሳደር የሚመጣ ነገር ነው አሉ። ሦስቱ ደረጃዎች ከሳልፔትሪዬር ውጭ የማይታዩት፣ ሕመምተኞቹ ከሐኪሞቹና እርስ በርሳቸው ስለ ተማሯቸው ነው ሲሉ አስረዱ። ክርክሩ በናንሲዎች አሸናፊነት ተፈጸመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ሰው በሰመመን ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ በዙሪያው ያለው ማኅበር ከእርሱ የሚጠብቀውን የሚከተል መሆኑ ነው።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ስለሚታወቀው ስለ ዛር ሲጠናም ይረዳል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ያጠናውን በ1958 ባሳተመ ጊዜ፣ ባለዛሮቹ የሚያሳዩት ነገር ከቲያትር ጋራ ያለውን ዝምድና መረመረ፤ በእውነት የሚኖሩትና የሚጫወቱት ነገር በቀላሉ የማይለይ መሆኑንም አስረዳ። በዚያው ዓመት ሳይመን መሲንግ የዛርን ማኅበር በኅብረት የሚደረግ ሕክምና አድርጎ አቀረበው። የዛር «ፈረስ» የሆነች ሴት ዛሯን በስሙ ለይታ ታውቃለች፤ የጉሪውን አኳኋን፣ የሚወደውንና የሚጠላውን ሁሉ በማኅበሩ መካከል ትማራለች።

ሆኖም ዛርንና ሂፕኖቲዝምን አንድ ነገር ማድረግ ስሕተት ነው። ባለዛሯ ለደረሰባት ነገር ምክንያቱ ከውጭ የመጣ መንፈስ ነው ብላ ታምናለች፤ መንፈሱም ብዙውን ጊዜ ይለመናል፣ ግብር ይገባለታል እንጂ ፈጽሞ አይወጣም። እርስዋም በማኅበሩ ውስጥ ትኖራለች፤ ከጎረቤትና ከቤተ ሰብ ያላገኘችውን ክብርና አድማጭ ከዚያ ታገኛለች። በሂፕኖቲዝም የታከመ ሰው ግን ትምህርቱን ይዞ ወደ ቤቱ ብቻውን ይመለሳል። አንዱ ሕመምን የማኅበር ጉዳይ ያደርገዋል፤ ሌላው የግል ሥራ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ ራስን በራስ የመርዳት ዘዴ ነጻነትን ሲሰጥ፣ የሰውን አጋርነት ሊያሳጣ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

፬. መድኃኒቱ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ

የናንሲዎችን ትምህርት እስከ መጨረሻው ያደረሰው ኤሚል ኩዌ (1857–1926) የተባለው መድኃኒት ቀማሚ ነው። ኩዌ ማንኛውም ከሌላ ሰው የመጣ ሐሳብ ሰሚው ራሱ ካልተቀበለው አይሠራም፤ እንግዲያውስ ሁሉም በራስ ላይ ሐሳብን ማሳደር ነው አለ። ሕመምተኞቹንም ጤንነታቸው ዕለት ዕለት እየተሻሻለ መሄዱን የሚናገር አንድ አጭር ቃል፣ ጧትና ማታ 20 ጊዜ በለሆሳስ እንዲደግሙ አዘዛቸው። ቍጥሩ እንዳያስቸግራቸው 20 ቋጠሮ ያለው ገመድ ያስይዛቸው ነበር፤ መቍጠሪያ ይዞ መጸለይን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ኩዌ አጥብቆ ያስተማረው ነገር መታገል እንደማይገባ ነው። ሌሊት «ልተኛ፣ ልተኛ» እያለ ከራሱ ጋራ የሚታገል ሰው እንቅልፉ እንደሚሸሸው፣ ፈቃድና ምናብ በተጣሉ ጊዜ የሚያሸንፈው ምናብ ነው ይል ነበር።

በ1932 የበርሊኑ ሐኪም ሹልትስ ያሳተመው ልምምድም ከሂፕኖቲዝም የተወለደ ነው። በሰመመን ውስጥ ያሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ሲከብዳቸውና ሲሞቃቸው እንደሚሰማቸው ስለ ታወቀ፣ ልምምደኛው ይህንኑ ክብደትና ሙቀት በራሱ ሐሳብ ቀስ በቀስ ወደ አካሉ እንዲጠራ ይማራል።

በአሁኑ ዘመን የሚሰጠው የራስ ሂፕኖቲዝም ትምህርት ከነዚህ ሁሉ የተውጣጣ ነው። ሰውየው ጸጥ ባለ ስፍራ ይቀመጣል፤ ዐይኑን በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል ወይም ይጨፍናል፤ ትንፋሹን ያዘገያል፤ ከእግሩ ጀምሮ እስከ ግንባሩ ጅማቶቹን ያላላል። ከዚያም ከሕመሙ ጋራ የሚስማማ ሥዕል በልቡ ይስላል፣ ያሰበውንም ቃል ለራሱ ይናገራል። ሲጨርስ ቀስ ብሎ ይነሣል። መጽሐፍና የተቀዳ ድምፅ የሚረዱት ይህን ሥርዐት በማስታወስ ነው።

፭. የተረጋገጠውና ወሰኑ

በ1955 የብሪታንያ፣ በ1958 ደግሞ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ሂፕኖቲዝም በሠለጠነ ሰው እጅ ለሕክምና ሊውል እንደሚችል ተቀበሉ። ከዚያም ወዲህ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። በ1984 በማንችስተር ሆርዌልና ባልደረቦቹ ሥር የሰደደ የሆድ ቍርጠትና መነፋት ያለባቸውን፣ በምርመራ ግን ቍስል ያልተገኘባቸውን 30 ሰዎች በሁለት ከፍለው አከሙ። በሂፕኖቲዝም የታከሙት፣ በምክርና በባዶ ክኒን ከታከሙት ይልቅ እጅግ ተሻላቸው። እነርሱም እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አሳርፈው ሙቀት እንዲሰማቸው ተምረው፣ በየቀኑ በተቀዳ ድምፅ ይለማመዱ ነበር። በ2008 የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ለ12 ወር በመድኃኒት ላልተሻላቸው እንዲህ ላሉ ሕመምተኞች ይህ ዘዴ እንዲታሰብ ይመክራል። ሁለተኛው በ1997 ሬንቪል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ያገቡ ሰዎች የሥቃዩ አስከፊነት እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር በሰመመን ሲነገራቸው፣ አስከፊነቱን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል ላይ ለውጥ ታየ። ስለዚህ ነገሩ ማስመሰል ብቻ አይደለም።

ወሰኑም እንዲሁ መነገር አለበት። በ1959 በስታንፎርድ የተዘጋጀው መመዘኛ እንዳሳየው ሰዎች ለሂፕኖቲዝም ያላቸው ዝንባሌ የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ ፈጥኖ ይገባል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ይህም የሐኪሙ ኀይል ወይም የታማሚው ስንፍና ምልክት አይደለም። ማጨስን በማስተው ረገድ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። የተረሳን ነገር ለማስታወስ ሲሠራበት ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ሊያሳምን ስለሚችል ለዳኝነት አይታመንም። ጀርምን አይገድልም፣ ዕጢንም አያጠፋም። እንዲያውም ትልቁ አደጋው ከጥቅሙ የሚመጣ ነው፤ ሕመም የበሽታ መልእክተኛ ነውና፣ ያልተመረመረ ሰው መልእክተኛውን ዝም ቢያሰኝ በሽታው ሳይታወቅ ሥር ይሰዳል። አገርኛው ምሳሌ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው፣ ከሐኪም ብቻ ሳይሆን ከራስም መደበቅን ይጨምራል።

ስለዚህ ሂፕኖቲዝምን ከአፍዝ አደንግዝ የሚለየው ዋናው ነገር ታማሚው ሥራውን የሚሠራው ራሱ መሆኑ ነው። በዚህም አንድ መመዘኛ ይገኛል። ዘዴውን አስተምሮ ሕመምተኛውን በራሱ እንዲቆም የሚያሰናብት ሰው አስተማሪ ነው። ኀይሉን የእኔ ነው እያለ ሕመምተኛውን ዘወትር ወደ ደጁ የሚያመላልስ፣ ከሐኪምም የሚያርቅ ሰው ግን፣ በ1784 የተፈረደበትን የሜስመርን ገንዳ ዛሬም ይዞ የሚዞር ነው።