የሠርግ ፎቶግራፍ ወደ ባለቤቱ ይመለስ

ከጂንካ ከተማ ወጣ ሲሉ እንሰትና ቡና ይታያል። የአሪ ገበሬዎች አገር ነው። እዚያ ጓደኞች አሉን። ሠርግ ሲደግሱ ይጠሩናል። «ፎቶ ታነሡናላችሁ፣ እንዳትቀሩ!» ይሉናል። እኛ ፎቶ አንሺዎች አይደለንም። በስልካችን የምናነሣ ጓደኞች ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጓደኛችንን ሠርግ አነሣን። የሙሽራው አያት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሙሽሮቹን ሲመርቁ አነሣናቸው። «አሳጥበን እናመጣለን» ብለን ቃል ገባን። ዛሬ ነገ ስንል ስልኩ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ፎቶው ሁሉ ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ አያት አረፉ። ቤተሰቡ ሌላ ፎቶግራፋቸው አልነበረውም። ለቅሶ ስንደርስ የሙሽራው እናት አልተቆጡንም። «የእማዬ ፎቶ የታለ ልጆቼ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ምን እንመልስ? አቀረቀርን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አሰብንበት። በደቡብ ኦሞ ፎቶ መነሣት አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ሐመርና ወደ ሙርሲ የውጭ አገር ጎብኚዎች ይመጣሉ። በሐመር ባህል አንድ ጎረምሳ ሚስት ከማግባቱ በፊት በተርታ በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ይሮጣል። ሳይወድቅ ከተሻገረ ለጋብቻ ይበቃል። ጎብኚዎች ይህን ያነሣሉ፤ ገንዘብም ይከፍላሉ። ፎቶግራፉ ግን ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። የተነሣው ሰው ብዙውን ጊዜ አያየውም። ከሥሩም ስሙ አይጻፍም። እኛስ በምን ተሻልን? እኛም አንሥተን ሄድን እንጂ መቼ መለስን!

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ተስማማን።

አንደኛ፣ ሳናስፈቅድ አናነሣም። ሽማግሌዎችንና የሙሽሪትን ወገን እንጠይቃለን። «ይህ አይነሣም» ካሉን ስልኩ ኪስ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ በፊት አረጋውያንን እናነሣለን። ሙሽሮች ነገም አሉ።

ሦስተኛ፣ ብርሃን እንመርጣለን። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ፀሐይ ከሰውየው ጀርባ ከሆነችም ፊቱ ይጨልማል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ጥሩ ነው። ቀትር ከሆነ ሰዎቹን ዛፍ ጥላ ሥር እናቆማለን። ጎጆ ውስጥ ከሆነ በሩን ከፍተን ፊታቸውን ወደ በሩ እናዞራለን።

አራተኛ፣ በዚያው ሳምንት ጂንካ ፎቶ ቤት ወስደን በወረቀት እናሳትማለን። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገጠር ዘመድ ይወርዳል። በእሱ እጅ እንልካለን። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ወረቀት ግን ከጭስ፣ ከፀሐይና ከውሃ ከራቀ ብዙ ዓመት ይቆያል።

አምስተኛ፣ ጀርባው ላይ ስም፣ ቦታና ቀን እንጽፋለን። ስም የሌለው ፎቶ ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ፎቶ ነው።

ባለፈው ጊዜ የሌላ ጓደኛችንን የሠርግ ፎቶ ራሳችን ይዘን ሄድን። ልንጽፍበት እስክሪብቶ አወጣን። የሙሽራው እኅት ማንበብና መጻፍ ገና መማሯ ነው። «ቆዩ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለችና እስክሪብቶውን ተቀበለችን። ቤቱ ዝም አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች ጻፈች። በመጀመሪያ የእናቷን ስም፣ ቀጥሎ የሙሽሮቹን ስም፣ መጨረሻ ላይ ቀኑን። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። እናትዮዋ ስማቸው ሲነበብ ሰምተው «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገመችው።

እናንተስ? ቤታችሁ ፎቶግራፍ ካለ ዛሬ ማታ አውጡት። «ይህ ማነው?» ብላችሁ ትልልቆቹን ጠይቁ። የሚያውቁት ሳሉ ስሙን ጀርባው ላይ ጻፉት። ሳትጫኑ በቀስታ ጻፉ፤ ቀለሙም ሳይደርቅ አትደራርቡት።