ያውቁ ኖሯል? ፒኪፒኪ፣ ቱርቦ እና አንዲት ብልጭታ

ሞተር ብስክሌት በስዋሂሊ «ፒኪፒኪ» ይባላል! ስሙን ማን አወጣለት? ራሱ ሞተሩ! ፒኪ-ፒኪ-ፒኪ እያለ ሲያልፍ ሰው ሰምቶ ጠራው። ናይሮቢ አንድ መንገድ ዳር ቆመው ጆሮዎን ጣል ቢያደርጉ ስሙን ከነባለቤቱ ይሰሙታል!

በዚያ ድምፅ ውስጥ አንድ ጉድ ተደብቋል። ቤንዚኑ የሚለኮሰው ፒስተኑ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ይመስልዎታል? የለም! ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነው! ካንዴላው ቀድሞ ይተኩሳል፤ እሳቱ ተቀጣጥሎ ጉልበት እስኪያወጣ ፒስተኑ ጫፉን አልፎ ቁልቁል ጀምሯል። መካኒኮች «ታይሚንግ» ብለው የሚጨነቁላት ይህችን ቅድሚያ ነው።

ቅድሚያዋ በዲግሪ ትለካለች። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር አንዷ ዲግሪ ስንት ጊዜ ትፈጃለች? የሴኮንድ 36,000ኛ! እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ሞተሩ ሃያ ዙር ያህል ጨርሷል! ለዚህች ለማትጨበጥ ቅንጣት ነው መካኒኩ ተንበርክኮ የሚውለው።

በሺህ ዙር የሚሽከረከር ብረት ቆሞ አይተው ያውቃሉ? የታይሚንግ መብራት ያቆመዋል! መብራቱ ብልጭ የሚለው ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ስለሆነ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ምልክት ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። ሞተሩ እየጮኸ ምልክቱ ዝም ብሎ ይታያል! በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ምልክቱ «ኤፍ» የምትል ፊደል ናት፤ አጠገቧ «ቲ» አለች። በእንግሊዝኛ ኤፍ እሳት፣ ቲ ጫፍ! እጅዎን ግን እንዳይሰዱ፤ ቆሞ የታየው አልቆመም!

ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው! ጀርመኖችም ፈረንሳዮችም ያንኑ ዕቃ ሻማ ይሉታል። ናይሮቢ ግን «ፕላጊ» ካላሉ ሰሚ የለዎትም። የእኛው ካቻቢቴም ሞያሌን ሲሻገር ስሙ ይለወጣል፤ እዚያ «ቢሲቢሲ» ነው! አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ብሎን፣ ሁለት ዓይነት ታሪክ!

ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። አየሯ ከሞምባሳው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው! ውሃ 100 ዲግሪን ሳይጠብቅ 94 አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባማ 2,355 ሜትር ላይ ተቀምጣ በ92 ታንተከትካለች፤ ሽንብራው ቶሎ አልበስል ቢልዎት አይፍረዱበት!

ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሰው ብቻ አይደለም። ሞምባሳ ላይ እንደ ነብር ይዘል የነበረ ባለ ካርቡራተር ሞተር ናይሮቢ ሲደርስ ይደክማል! ካንዴላውን ፈተው ቢያዩት ጥላሸት ለብሷል። ቤንዚኑ እንደ ሞምባሳው ይፈስሳል፤ አየሩ ግን ጎድሏል!

ስስ አየር ውስጥ እሳትም ይንቀራፈፋል! ስለዚህ ደጋ ላይ ብልጭታዋ ትንሽ ቀደም እንድትል ይደረጋል። ወደ ባሕር ሲወርዱ ደግሞ መልሰው ያዘገዩአታል።

አየር አምቆ ሞተሩ ውስጥ የሚጨምረው ቱርቦ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል! የታመቀ አየር ቶሎ ይነድዳል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ብልጭታዋ መዘግየት አለባት። ካልዘገየችስ? ሞተሩ ያንኳኳል! ኳ፣ ኳ፣ ኳ! በር ላይ የቆመ እንግዳ እንዳይመስልዎት፤ ፒስተኑን ሊበሳ የመጣ ፍንዳታ ነው።

ቱርቦን የሚያዞረው ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ጭስ! ወደ ማርሚታ ሊሄድ የነበረው የተቃጠለ ጋዝ ነው። ያች ከመዳፍ የምታንስ መንኮራኩር በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ትዞራለች! ሌላው ሞተር የሚጥለውን ይህኛው ሠርቶ ይበላበታል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ ፈቃድ ያወጣበት በ1905 ነው! (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ያንብቡልኝ።)

በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር፣ ከራስ ዳሸን ትንሽ ዝቅ ያለ! ያለ ቱርቦ ሞተሩ ተዝለፈለፈ። በቱርቦ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ያህል ሰጠ! አውሮፕላኑ የለ፣ ክንፉ የለ፣ ተራራው ሰማይ ሆነለት!

ከአራቱ የጃፓን ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች መካከል ቱርቦን ለገበያ በማውጣት የቀደመው ካዋሳኪ ነው፤ በ1978። ገዢው ግን ዋስትና እንደማይሰጠው አውቆ በፊርማው ያረጋግጥ ነበር! ታይሚንጉን በእጅ ያስተካክሉታል፤ ፒስተኑ ቢበሳ ጠያቂም ተጠያቂም እርስዎ ነዎት። ይህን ሁሉ እያወቁ የፈረሙ ሰዎች ነበሩ!

በ1982 ሆንዳ ሲኤክስ 500 ቱርቦን አመጣ። ያለ ቱርቦ 50 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 82 ሆነ! ታይሚንጉን በካቻቢቴ ላስተካክል ቢሉ ግን ቦታ የለዎትም፤ ብልጭታዋን የሚያዝዛት ኤሌክትሮኒክስ ነው። የሚገርመው ቱርቦ የሌለው ወንድሙ ጀርመን ውስጥ የወጣለት ቅጽል ስም ነው፦ «የእበት ውሃ ፓምፕ»!

የዚያው ዓመቱ ያማሃ ኤክስጄ 650 ቱርቦ ካርቡራተሩን አልተወም! በ1983 ደግሞ ጄምስ ቦንድ ራሱ ፊልም ላይ ጋለበው። ሱዙኪ ኤክስኤን 85 ስሙን ያገኘው ከ85 የፈረስ ጉልበቱ ነው። ካዋሳኪ በ1984 በ112 የፈረስ ጉልበት መጣና ሁሉንም አስናቀ!

በ1985 የአራቱም የቱርቦ ዘመን ተጠቃለለ! አራት ግዙፍ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ አብደው በአንድ ጊዜ ዳኑ። ለእኔ ከነእብደታቸው ይበልጡብኛል።

ሞተር እንዳያንኳኳ ሰው ያልሞከረው ምን አለ! በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ የእርሳስ ውሁድ ቤንዚን ውስጥ ጠብ አደረገ፤ የሚጻፍበትን እርሳስ አይደለም፣ ብረቱን ነው። ማንኳኳቱ ጸጥ አለ! መርዙ ግን ከጭሱ ጋር ወጣ፤ የዓለም ከተሞች አንድ መቶ ዓመት ያህል እርሳስ ተነፈሱ!

የዚያ ቤንዚን መቃብር የት እንደተቆፈረ ያውቁ ኖሯል? ናይሮቢ! የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ጊጊሪ ሰፈር ነው። ዘመቻው በ2002 ተጀመረ። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በ2006 መባቻ እርሳስን ከቤንዚን አወጣ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ሆነች፤ ነሐሴ 2021 መርዶው ከናይሮቢ ተነገረ። መርዶ ሳይሆን የምሥራች!

ይኸው ሚጅሊ የፍሪጅ ማቀዝቀዣ ጋዝ የነበረውን ፍሪዮንንም ሠርቷል። የኦዞንን ሽፋን ካሳሱት ጋዞች አንዱ! ያን ጉዳት ለማስቆም የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ጽሕፈት ቤት የት ነው? እሱም ናይሮቢ! አንድ ሰው፣ ሁለት መዘዝ፣ አንድ ከተማ!

የሰውየው መጨረሻ ደግሞ ይብሳል። ፖሊዮ እግሩን ሲያሰናክለው ከአልጋ የሚያነሳው የገመድና የፑሊ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1944 በዚያው ገመድ ታንቆ ተገኘ!

ናይሮቢ ውስጥ መለዋወጫ ካጡ ሰዎች «ግሮጋን ሂድ» ይሉዎታል። ካርታው ላይ ግን ኪሪንያጋ ጎዳና ነው! የድሮው ስም የኤዋርት ግሮጋን ነበር። ይህ እንግሊዛዊ የወደዳትን ልጅ ለማግባት ወንድነቴን ላስመስክር ብሎ አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አብዛኛውን በእግሩ አቋርጦ በ1900 ካይሮ የገባ ሰው ነው! የእግረኛው ስም የጎማና የፒስተን ገበያ ላይ ቀረ።

የናይሮቢ የጎዳና ላይ መካኒኮችና ብረት ሠሪዎች «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ። ትርጉሙ? የሚያቃጥል ፀሐይ! ጣሪያቸው ሰማይ ነው፤ ከቆርቆሮ ባልዲ እስከ ሞተር ክፍል ይሠራሉ። ታይሚንግ መብራት ከሌለ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ! ብረት የሐኪም ማዳመጫ ሆነ!

ሞተር ታክሲው የሚጠራበት «ቦዳ ቦዳ» ማለትስ? «ቦርደር፣ ቦርደር»! በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር መንገደኛ በብስክሌት ያሻግሩ የነበሩ ልጆች ጥሪ ነው። ብስክሌቱ ሞተር ሆነ፤ ድንበሩ ከተማ መሀል ገባ!

ሳፋሪ ራሊን ሰምተዋል? በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ክብር የተጀመረ የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ነው። በ1963 84 መኪኖች ተነሡ፤ የጨረሱት 7 ብቻ! በ1968ም የጨረሱት 7 ብቻ! ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ኒክ ኖዊኪ፣ ያው ፔዦ 404!

በ1965 ደግሞ ጆጊንደር ሲንግ ሌላ ሹፌር በተወዳደረባት አሮጌ ቮልቮ አሸነፈ። አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ ነበር!

ቱርቦ ሳፋሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የረታው በ1984 ነው። ቶዮታ ሴሊካ! በ1985 ደገመች፤ በ1986 ሠለሰች! በ1985 የነዳት ዩሃ ካንኩነን ከዚያ በፊት ሳፋሪን ሞክሮ አያውቅም ነበር። ስስ አየር የቱርቦ ወዳጅ መሆኑን ከዚህ በላይ ማን ይመስክር!

«ናይሮቢ» ራሱ የማሳይ ቃል ነው፤ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው! ቱርቦ አምቆ ያሞቀውን አየር ለሚፈራ ሞተር ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ከተማ ከየት ይመጣል?

ዛሬ በከተማዋ ጎዳናዎች በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተር ብስክሌቶች እየበዙ ነው። ካንዴላ የለ! ካርቡራተር የለ! ቱርቦ የለ! የሚቀድም ብልጭታ፣ የሚዘገይ ብልጭታ የሚባል ነገር የለ! ባትሪው ሲያልቅ ጣቢያ ላይ በሞላ ይቀይሩታል፤ ይነሣሉ። ድምፅም የላቸውም። ስማቸው ግን አሁንም «ፒኪፒኪ» ነው!