ጭድ፣ ጭቃና የድሮ ወታደራዊ መኪና

የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ ለምን እንደሚጨመር ታውቃላችሁ? ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ አያይዞ ስለሚይዘው ቶሎ አይሰነጠቅም። የመርካቶው ጭድ ተራ በስሙ የተሸከመው ይሄንኑ ጭድ ነው። ፋይበርግላስም መላው ያው ነው፦ ሙጫው ጭቃ፣ የመስታወት ክሩ ጭድ።

እንግዲህ ግቢያችሁ ውስጥ ፊያት 634 ቆሟል እንበል፤ በ1928ቱ ወረራ የጣሊያን ጦር የተጠቀመበት፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው። ፓራፋንጎው በዝገት ተበስቷል። ቀዳዳውን በፋይበርግላስ ደፍኖ፣ ስቱኮ ለቅልቆ ቀለም መቀባት ያጓጓል። ግን ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ በእጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ከሥር እየገፋ ልጥፉን ያስነሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉት፤ የድሮ ቀለም መርዛማ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እያረጠባችሁ፣ ደህና የአቧራ ማስክ አድርጋችሁ። የቀዳዳው ጠርዝ በጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ግን ፋይበርግላሱን እርሱት፤ ባትላሜራው የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይድበት።