አበባ ቀጠሮ አያራዝምም
አውራ ጎዳናና የአትክልት ስፍራ በአንድ አፋፍ ላይ ሲገናኙ

መንገድ በሚሠራበት ጊዜ መሐንዲሱ የሚቆጥረው የአፈሩን ኪዩቢክ ሜትር፣ የአስፋልቱን ቶንና የሥራውን ቀናት ነው። በመንገዱ ዳር የሚገኝ ተቋም ግን ሌላ ነገር ይቆጥራል፤ ሊመጡ አስበው የቀሩትን ሰዎች። ይህን መቁጠር ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ያልመጣ ሰው ትኬት አይቆርጥምና። በዚህ ጽሑፍ አንድ ትልቅ የመንገድ ሥራ በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የአትክልት ስፍራ ላይ ያስከተለውን ጫና መነሻ አድርገን፣ ከነገሩ በስተጀርባ ያለውን ሳይንስ ለአንባቢያን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስፍራው ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሪ አውራጃ የሚገኘው ዊዝሊ ነው። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1804 በለንደን የተመሠረተውና በ1861 «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ ያገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ልማት ማኅበር ነው። ዊዝሊን በ1878 የጀመረው ጆርጅ ፈርጉሰን ዊልሰን የተባለ ኬሚስት ሲሆን፣ ዓላማውም በቀላሉ የማይጸድቁ ተክሎችን እየሞከሩ ማልማት ነበር። በ1903 ሰር ቶማስ ሀንበሪ ቦታውን ገዝቶ ለማኅበሩ በስጦታ አበረከተው። ዛሬ ስፋቱ ወደ 97 ሄክታር ይጠጋል። በመደበኛ ጊዜም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጎበኙታል።

የመንገዱ ወገን

የአትክልት ስፍራው የተቀመጠው ከለንደን ወደ ፖርትስማውዝ የሚወስደው ኤ3 መንገድና ለንደንን የሚዞረው ኤም25 አውራ ጎዳና በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ርዝመቱ 188 ኪሎ ሜትር የሆነው ኤም25 ተጠናቆ የተከፈተው በ1986 ነበር። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትን «ማሳለጫ 10» በቀን ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች እንደሚያልፉበት የአገሪቱ የአውራ ጎዳናዎች ድርጅት ይገልጻል። መጨናነቅና አደጋ የሚበዛበት በመሆኑም 317 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት የማሻሻያ ሥራ በ2022 ተጀመረ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ ሊሆን ይገባል። የሥራው ዓላማ የሰው ሕይወት ከአደጋ ማዳንና የጉዞ ጊዜን ማሳጠር ነው። ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ሥራው ሲካሄድ መንገዶች ጠበቡ፣ የፍጥነት ገደብ ወረደ፣ አቅጣጫዎችም ተለዋወጡ። በመጋቢት ወር 2024 አሮጌ ድልድይ ለማፍረስ ሲባል ኤም25 በማሳለጫ 10 እና 11 መካከል ለቅዳሜና እሑድ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ በዕቅድ የቀን ጉዞ ሲቋረጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች የቅዳሜና እሑድ መዘጋቶች ተከተሉ። በ2025 በጋ ይጠናቀቃል ተብሎ የነበረውም ሥራ ወደ 2026 ጸደይ ተሻገረ።

የሰልፍ ሒሳብ

መንገድ በትንሹ ሲጠብ መዘግየቱ ለምን በብዙ ይጨምራል? መልሱ በሰልፍ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። በቀላሉ የሰልፍ ስሌት፣ አንድ አገልግሎት የአቅሙን ግማሽ ሲሠራ አማካይ የጥበቃ ጊዜ አንድ አሐድ ነው ብንል፣ የአቅሙን 90 በመቶ ሲሠራ ጥበቃው ዘጠኝ አሐድ ይሆናል፤ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 19። እውነተኛ መንገድ ከዚህ ስሌት የተወሳሰበ ቢሆንም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ቀድሞውንም በአቅሙ ጠርዝ ላይ ከሚሠራ መንገድ ጥቂት ስፋት ሲቀነስ፣ ሰልፉ ከተቀነሰው ስፋት በእጅጉ በላቀ መጠን ይረዝማል።

ሁለተኛው ነጥብ የተጓዡን ውሳኔ የሚመለከት ነው። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው መንገዱ ቢጨናነቅም ከመሄድ አይቀርም። አበባ ሊያይ ያሰበ ቤተሰብ ግን ጉዞውን በቀላሉ ይተወዋል። ከዚህም በላይ ሰውን የሚያስቀረው የመዘግየቱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ሁልጊዜ 20 ደቂቃ የሚያዘገይ መንገድ ይለመዳል፤ አንድ ቀን 5 ደቂቃ፣ በማግስቱ አንድ ሰዓት የሚያዘገይ መንገድ ግን አይታመንም። ሕፃናትንና አረጋውያንን የያዘ ተጓዥ ደግሞ የሚያቅደው ክፉውን ቀን አስቦ ነው።

የማይጠብቀው ወገን

ሦስተኛው ነጥብ የዕፅዋቱ ነው። ሱቅ ዕቃውን ለከርሞ ሊያስቀምጥ ይችላል። የአትክልት ስፍራ ግን የሮዶዴንድሮንን አበባ አቆይቶ መንገዱ ሲከፈት ሊያሳይ አይችልም። የቀን ርዝመትና ሙቀት የሚያዙት ተክል ቀጠሮ አያራዝምም። ወጪውም እንዲሁ አይቆምም፤ ጎብኚ መጣም ቀረም መስታወት ቤቱ መሞቅ፣ ሣሩ መታጨድ፣ አትክልተኛውም ደመወዙን ማግኘት አለበት። ገቢው በጎብኚ ቁጥር ልክ ሲወርድ ወጪው ባለበት ይቀራል።

ማኅበሩ በ2025 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት የጎብኚዎቹ ቁጥር በ350 ሺህ ያህል ቀንሷል፤ ሥራው እስኪያበቃ ድረስም ኪሳራው ከ11 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚበልጥ ገልጾ ካሣ ጠይቋል። ካሣው ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ በአጠቃላይ የሚክሰው ለተወሰደ መሬት፣ እንዲሁም አዲስ መንገድ አገልግሎት ላይ ሲውል በሚፈጥረው ጩኸት፣ ንዝረት ወይም ጭስ ምክንያት ዋጋው ለወረደ ንብረት ነው። በትራፊክ መጨናነቅ ምክንያት የቀረ ጎብኚ በዚህ መዝገብ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ጉዳቱ እውነት ሆኖ ሳለ ስም ያጣል ማለት ነው።

ገንዘቡ የአንድ ነጋዴ ትርፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ዊዝሊ ግን የምርምር ማእከልም ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ቤተ ሙከራ ያለው ሲሆን፣ በ2021 «ሂልቶፕ» የተባለ አዲስ የአትክልት ሳይንስ ማእከል ተከፍቶበታል። የተክል በሽታና ተባይ ይለያል፤ ለአትክልተኞችም ምክር ይሰጣል። የበሩ ገቢ ሲቀንስ እነዚህ ሥራዎች ከሚደገፉባቸው ምሰሶዎች አንዱ ይላላል።

ከአጥሩ የተገኘ ትምህርት

የታሪኩ አስገራሚ ገጽታ እዚህ ላይ ይገለጣል። የማኅበሩ ተመራማሪዎች በ2021 ይፋ ያደረጉት ጥናት ስለ መንገድ ዳር ተክሎች ነበር። ኮቶኒያስተር ፍራንቼቲ የተባለ ቅጠሉ ጸጉራማ የሆነ ቁጥቋጦ፣ ትራፊክ በሚበዛባቸው መንገዶች ዳር ከሌሎቹ የአጥር ተክሎች ይልቅ ቢያንስ 20 በመቶ የበለጠ ብናኝ እንደሚይዝ አረጋገጡ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በደንብ የተያዘ ጥቅጥቅ ያለ አጥር፣ አንድ መኪና 800 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያወጣውን ያህል ብክለት በሰባት ቀን ውስጥ ሊይዝ እንደሚችልም አስሉ። መንገዱን ለጎረቤቶቹ የሚያለዝብ እውቀት የሚፈልቀው፣ በመንገድ ሥራ ከተጎዳው ከዚሁ ማኅበር ነው።

ከመንገድ ሠሪዎቹም ወገን የሚመሰገን ነገር አለ። አካባቢው ብርቅዬ ወፎችና እንሽላሊቶች የሚኖሩበት አሸዋማ የቁጥቋጦ ምድር ስለሆነ፣ በኤ3 ላይ ተክል የለበሰ ድልድይ በዕቅዱ ውስጥ ተካቷል። ይህም መንገዱ ለሁለት የከፈለውን መኖሪያ መልሶ ያገናኛል። ለእንሽላሊት መሻገሪያ ማሰብ ከተቻለ፣ ለጎረቤት ተቋም የመሸጋገሪያ ዘመን ማሰብም አያቅትም እንላለን።

አበው «የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ» ይላሉ። የመንገድ ሥራም የሚያልፍ ዝናብ ነው። ይሁንና በዝናቡ ጊዜ መጠለያ ያጣ ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላም ታሞ ሊተኛ ይችላል። በመሆኑም የአንድ መንገድ ዋጋ ሲሰላ የሲሚንቶውና የብረቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሥራው ዘመን በዳር የቆሙት የሚከፍሉትም አብሮ ሊሰላ ይገባል። ይህ ስሌት ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት ከተሠራ፣ ታላላቆቹን ሥራዎች የአበባው ወቅት ካለፈ በኋላ ማድረግ፣ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ማሳወቅና የጉዳት መጠባበቂያ ገንዘብ መያዝ ይቻላል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው፤ የዚያን ዓመት አበባም በክርክሩ መካከል ይረግፋል።