አውቶቡሱን የሚያዘው ማን ነው? ከአትላስ እስከ ለገጣፎ

ታክሲ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንረግመው ረዳቱን ነው። ሲብስብን ተራ አስከባሪውን፣ ከዚያ ትራፊኩን፣ በመጨረሻም «መንግሥት» እያልን ሁሉንም በጅምላ። መስመሩን ማን እንዳወጣው፣ ታሪፉን ማን እንደቆረጠው፣ አዲሶቹ አውቶቡሶች የትኛው ሰፈር እንዲሰማሩ ማን እንደወሰነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ስለዚህ ልጻፍ። ረዘም ይላል፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ብትጀምሩት ግን ሰልፉ ሳያልቅ ትጨርሱታላችሁ።

የምኖረውም የምሠራውም አትላስ ነው። ስሙን ከአትላስ ሆቴል የወረሰ፣ በሃያ ሁለት ማዞሪያና በቦሌ መድኃኒዓለም መሀል ያለ ሰፈር ነው። ቀን ቀን ቢሮውና ካፌው ሰው ይሞላል፤ ሲመሽ ያ ሁሉ ሠራተኛ ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ለገጣፎ ይኖራል፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ ሌላዋ አያት። ከሥራ ስንወጣ በአንድ በር ነው የምንወጣው። ከበሩ በኋላ ግን ሁላችንም የምንገባው በአንድ አስተዳደር ሥር አይደለም።

የለገጣፎውን ልጅ መንገድ እንከተል። እስከ ሃያ ሁለት በእግሩ፣ ከዚያ መገናኛ ድረስ በሚኒባስ። እስከዚህ ስምሪቱም ታሪፉም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው። መገናኛ ላይ ባቡር ከያዘ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አልፎ አያት ይወርዳል። ያንን ሐዲድ ያስገነባው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። ሐዲዱ አያት ላይ ያልቃል፤ የልጁ መንገድ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲያ ለገጣፎ ነው፣ ኦሮሚያ ክልል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሸገር ከተማ። በአንድ ምሽት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት አስተዳደር ይነካል። ሦስቱ ስለ እሱ መንገድ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚወስኑበት ቋሚ ቦርድ ግን የለም።

ለመሆኑ ቦርድ ምን ይሠራል?

አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው ጣሊያን በወጣ ማግስት በ1935 ዓ.ም. ነው። ደርግ ወረሰው፤ በ1986 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የልማት ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ፤ ከዚያም ወደ ከተማው አስተዳደር ዞረ። ሸገር ብዙኃን ትራንስፖርት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ተጨመረ። «የልማት ድርጅት» የሚባል ነገር የሚመራው በሥራ አስኪያጅ ብቻ አይደለም፤ ከበላዩ ቦርድ አለ። ቦርዱ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሪፖርት ይገመግማል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል።

ለዚህ መሠረቱን የጣለው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 ነው። አዋጁ የቦርድ አባላት ከ3 እንዳያንሱ፣ ከ12 እንዳይበልጡ ይላል። አብዛኞቹን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይሰይማል፤ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን ደግሞ የድርጅቱ ሠራተኞች በጠቅላላ ጉባኤያቸው ይመርጣሉ። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ። ሕጉ ለሾፌሩ፣ ለቲኬት ቆራጩና ለመካኒኩ ወንበር አዘጋጅቷል። ለተሳፋሪው የተለየ ወንበር አላዘጋጀም።

በተግባር በከተማ ድርጅቶች ቦርድ ላይ በብዛት የምናየው የቢሮ ኃላፊዎችን ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። አውቶቡስ ለመግዛት ገንዘብ ሲፈለግ ገንዘቡን የሚያውቀው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ ዴፖ መሥሪያ መሬት ሲፈለግ ስልክ የሚደውለው ሰው አይጠፋም። ባለሥልጣን ያልሆነ ምሁር ብቻ የሞላበት ቦርድ ጥሩ ሐሳብ አፍልቆ የሚሰማው ሊያጣ ይችላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ፖሊሲ የሚያወጣው ቢሮ፣ ድርጅቱን የሚቆጣጠረው ቢሮ፣ ቦርዱ ላይ የሚቀመጠውም የዚያው ቢሮ ሰው ከሆነ፣ ወጡን የሠራውም የቀመሰውም «ጨው የለውም» ማለት የነበረበትም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። የአያትና የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሰው አውቶቡስ አጣን ሲል ስብሰባው ላይ ስሙን ጠርቶ የሚከራከርለት የለም። ሁሉም የከተማው ተወካይ ነው፤ የአንድ አካባቢ ተወካይ ማንም አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ቦርዱ የማይወስነው ነገር መብዛቱ ነው። ታሪፍ የሚቆረጠው ከቦርዱ ውጭ ነው። የነዳጅ ዋጋም ከከተማው ውጭ፣ በፌዴራል ደረጃ ይወሰናል። ሐምሌ 2014 ላይ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመርና ለሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር በኩል ሲሰጥ፣ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሒሳብ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የአውቶቡስ ቦርድ የሸቀጡን ዋጋ የማይተምን፣ የግብዓቱን ዋጋ የማያዝ ነጋዴ ሆኖ ነው የሚመራው። ጉድለቱን ከተማው በድጎማ ይሞላል።

ባቡሩ የዚህ ነገር ትልቁ ትምህርት ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው፤ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ብድሩ በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው በሳንቲም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩን ያስገነባው የፌዴራል ድርጅት ነው፤ ባቡሩ ሲቀር ሰልፉ የሚረዝመው ግን መገናኛ ላይ ነው፣ በከተማው አውቶቡስና ሚኒባስ ፊት። የአንዱ ቦርድ ጉድለት የሌላው ቦርድ ጭነት ሆነ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ግን ማንም አልነበረም።

አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ መንገዱ ለምን እስካሁን አንድ ላይ አልተቀመጡም?

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ የሰው ደም የፈሰሰበት ታሪክ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ለማቀድ የወጣው የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ጥር 2008 ላይ ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። የገበሬው ጥያቄ መሬቴን ማን ይወስደዋል የሚል ነበር፤ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «የጋራ» የሚለው ነገር ሁሉ ስለ መሬት የሚመስል ሆነ። አውቶቡሱም አብሮ ተቀበረ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን እንዳላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነ ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 5 የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም ያስቀምጣል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስሩ አስተዳደራዊ ጉዳዮችንም ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተዋል። በ2009 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ አዘጋጅቶ ወደ ፓርላማ ላከ፤ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በሌላ በኩል ነሐሴ 2014 ላይ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ ወሰናቸው ተነጋግረው ተፈራረሙ፤ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ የገባው በዚያ ስምምነት ነው። በስምምነቱ የተደሰተም ያዘነም አለ። እኔ የምወስደው ግን ይህን ነው፦ በጣም ከባድ በነበረው በወሰን ጉዳይ ተቀምጠው ከፈረሙ፣ በአንድ የሚኒባስ መስመር ላይ የማይፈርሙበት ምክንያት የለም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

አክስቴ የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የሚሠሩት ዋሽንግተን ዲሲ። በየቀኑ የክልል ድንበር ያቋርጣሉ፤ ባቡሩም ክፍያውም አንድ ስለሆነ ልብ ብለውት አያውቁም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 በፈጸሙት ስምምነት የጋራ ትራንስፖርት ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ ምድር ባቡሩ በ1976 ሥራ ጀመረ። ዋና ከተማ፣ በዙሪያዋ ያሉ ክልሎችና የፌዴራል መንግሥት፤ አቀማመጡ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል።

ቦርዱ ላይ ድምፅ የሚሰጡ 8 አባላት አሉ፦ ከዲሲ 2፣ ከሜሪላንድ 2፣ ከቨርጂኒያ 2፣ ከፌዴራል መንግሥት 2። ከቨርጂኒያ በኩል የሚላኩት ሰዎች በሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ኮሚሽን ውስጥ ያልፋሉ፤ ኮሚሽኑ የተሞላው ደግሞ በየከተማው በተመረጡ ሰዎች ነው። የአክስቴ የከተማ ምክር ቤት አባል የባቡሩ ጉዳይ ሲነሳ ድምፁ የሚሰማበት መንገድ አለው፤ ቢያጠፋ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ ይጠየቅበታል። ሌላም ደንብ አለ፦ አብላጫ ድምፅ ብቻውን አይበቃም፤ ከሦስቱ ፈራሚዎች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትልቁ ትንሹን መዋጥ አይችልም። እኛ ዘንድ ለፍርሃቱ መድኃኒት የሚሆነው ይህ ደንብ ይመስለኛል።

ገነት ነው አላልኩም። ያው ደንብ ውሳኔን ያጓትታል። ቋሚ የጋራ ገንዘብ ለመመደብ ሦስቱ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ተካፍለው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በየበጀቱ ወቅት ልመና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 9 ሰው ሞቷል። ከብዙ ጥፋት በኋላ ደኅንነቱን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ሌላ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ከአፍሪካ ደግሞ ዳካር አለች። ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1997 ባቋቋመችው የዳካር የከተማ ትራንስፖርት ምክር ቤት ውስጥ መንግሥት፣ የአካባቢ አስተዳደሮችና የግል ባለ መኪናዎች አብረው ይቀመጣሉ። ይህ ለእኛ ከዋሽንግተኑ ይበልጥ ይቀርባል፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ የሚኒባስ ማኅበራት ያልተቀመጡበት ቦርድ ግማሹን ትራንስፖርት ሳያውቅ ይወስናል። በ2003 ዓ.ም. የታክሲ የዞን ስምሪት ሲጀመር ስንት ክርክር እንደነበር የሚያስታውስ ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሁሉን የሚጠቀልል ትልቅ ባለሥልጣን ይቋቋም አልልም። በአንድ መስመር እንጀምር፦ መገናኛ–አያት–ለገጣፎ። ጠረጴዛው ላይ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ፣ የሸገር ከተማ፣ የባቡሩ ባለቤት፣ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ የሚኒባስ ማኅበራትና ሁለት ተሳፋሪ ይቀመጡ፤ አንዱ ከዚህኛው ወገን፣ አንዱ ከዚያኛው። አጀንዳቸው ሦስት ብቻ ይሁን፦ ለመስመሩ አንድ ታሪፍ፣ ከባቡሩ መውረጃ አጠገብ አንድ ተርሚናል፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት መኪና እንደሚኖር። ውሳኔ የሚጸናው ከአዲስ አበባም ከሸገርም ድጋፍ ሲያገኝ ይሁን። መሬት የሚባል ነገር አጀንዳው ላይ አይኑር።

የአካባቢ ተወካይ ስንል ግን ማንን? ይህም መልስ ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የከተማው ምክር ቤት ተመረጠ እንጂ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ አልተደረገም፤ ለወረዳ ድምፅ የሰጠነው በ2005 ዓ.ም. ነው። የሰፈር ሰው ቦርድ ላይ ተቀምጧል ለማለት ሰፈሩ መጀመሪያ ሊመርጠው ይገባል። እስከዚያው ቢያንስ የተመረጠው የከተማው ምክር ቤት አባላቱን ይላክ፤ ተሿሚ ብቻውን አይበቃም።

እኔም እናንተም ዛሬውኑ ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር አለ። የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል ስታገኙ ስለ ታክሲ ሰልፍ ብቻ አታማርሩ፤ ሰልፉን እሱም ያውቀዋል። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ በአውቶቡስ ድርጅቱ ቦርድ ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው? ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተሰበሰቡ? ስለ ምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ምን ወሰኑ? ውሳኔው የት ተለጥፏል? መልስ ያገኘ ሰው እዚሁ ያካፍለን፤ መልሱን አንድ ላይ አድርጌ አወጣዋለሁ።