በትውስት የዘመቱ ሴቶች

ሴት ወታደር ግንባር ትሰለፍ ወይስ ደጀን ትቅር የሚለው የአሜሪካ የቆየ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገና አገረሸ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት በሴፕቴምበር ወር ጄኔራሎቻቸውን ሰብስበው፣ በውጊያ ሙያ ላይ ያለ ሁሉ በከፍተኛው የወንዶች መመዘኛ እንደሚፈተን አስታወቁ። በዚህ የተነሣ ለአንዳንዱ ሙያ የሚበቃ ሴት ቢጠፋም ይጥፋ አሉ። ለመሆኑ ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ?

ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 የፈረሙት ሕግ ሴቶችን የመደበኛው ጦር ቋሚ አባል አደረገ፤ ግን ቁጥራቸው ከ2 በመቶ እንዳያልፍ፣ በተዋጊ አውሮፕላንና በጦር መርከብም እንዳይሰማሩ አጥር አበጀ። የቁጥር ገደቡ በ1967 ተነሣ። የጦር አካዳሚዎች በ1976 ሴቶችን ተቀበሉ። የአውሮፕላኑና የመርከቡ ክልከላ ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ሲቀር፣ የምድር ውጊያው ክልከላ ግን ቀጠለ። በ1994 የወጣ መመሪያ፣ ዋና ተግባራቸው የፊት ለፊት የምድር ውጊያ በሆነ፣ ከብርጌድ በታች ባሉ ክፍሎች ሴት እንዳትመደብ ከለከለ።

መመሪያው ግንባርና ደጀን ተለይተው የሚታወቁ አድርጎ ያስብ ነበር። አሜሪካ ኋላ በዘመተችበት ኢራቅ ግን መንገዱ ሁሉ ፈንጂ፣ ስንቅ አመላላሹ ሁሉ ዒላማ ሆነ። በዚያ ላይ የአገሬውን ሴት ባዕድ ወንድ ቢፈትሻት ነውር ነውና እግረኛው ጦር ሴት ወታደሮችን ፈለገ። መመሪያው "አይመደቡ" አለ እንጂ "አብረው አይሂዱ" አላለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቻችን በትውስት ሠራተኛ እንደሚላላኩት ሁሉ፣ ሴቶቹም የሥራ መደባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ከእግረኛው ጋር ዘመቱ።

በትውስት ያልሄዱትም ከውጊያ አላመለጡም። ሰርጀንት ሊ አን ሄስተር የኬንተኪ ብሔራዊ ዘብ ወታደራዊ ፖሊስ ነበረች። ማርች 20 ቀን 2005 ከባግዳድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳልማን ፓክ አጠገብ፣ የምትጠብቀው የጭነት መኪኖች ቅፍለት ደፈጣ ገጠመው። ከአለቃዋ ጋር ሆና የጠላትን ምሽግ በእጅ ቦምብና በጠመንጃ አጸዳች። የተሸለመችው ሲልቨር ስታር የተባለ የጀግንነት ሜዳይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለሴት የተሰጠ የመጀመሪያው ነው።

ትውስትነቱ ግን ዋጋ አስከፈለ። ብዙዎቹ የእግረኛውን ሥልጠና ሳይወስዱ ወጡ። ከጦርነት ይዘውት የተመለሱትን የአእምሮ ሕመም፣ የውጊያ ሙያ ያልተጻፈበት ማኅደር ይዞ ማስረዳት ከባድ ሆነ። የውጊያ ክፍል ያላዘዘ መኮንን ወደ ጄኔራልነት የሚወጣበት መሰላልም ጠባብ ነው። የጥይት መከላከያው እንኳ ለወንድ ደረት የተለካ ስለነበር፣ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ደግፎ ማነጣጠር ያስቸግር ነበር።

በ2012 አራት ሴት ወታደሮች ክልከላውን ተቃውመው ክስ መሠረቱ። በጃንዋሪ 2013 የወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር ሊዮን ፓኔታ ክልከላውን ሲያነሡ፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከ150 በላይ ሴት ወታደሮች ሞተው ነበር። በ2015 ክሪስተን ግሪስትና ሼይ ሄቨር ከባዱን የሬንጀር ትምህርት ቤት በወንዶቹ መመዘኛ አለፉ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቀሪዎቹ የሥራ መደቦች በሙሉ ተከፈቱ።

ግሪስት በ2021 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በውጊያ ሙያ ላይ ለሴቶች ዝቅ ያለ መመዘኛ ማውጣት ጦሩንም ሴቶቹን ራሳቸውንም ይጎዳል ብላ ተከራክራለች። ስለዚህ ፈተናው አንድ ይሁን በሚለው ላይ ጠቡ ያን ያህል አይደለም። የሚያጣላው፣ ፈተናውን ያለፈችው ሴት መደቡ በስሟ ይጻፍላት ወይ የሚለው ነው። የኢራቅ ዘመቻ እንዳሳየው፣ ባይጻፍላትም ጦርነቱ ሲፈልጋት ይጠራታል።