ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል

12ኛ ክፍልን ስንጨርስ ወደ ውጭ አገር ሄደን ለመማር እንመኛለን። ነገር ግን «ነፃ ዕድል» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የተጀመረው የጃፓን መንግሥት ዕድል የትምህርቱን ክፍያ፥ የወር መተዳደሪያንና የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬትን ያጠቃልላል። በፊት 1 ዓመት ቋንቋ ስለሚጠና፥ የ4 ዓመቱ ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል። ሌላው ዕድል ግን የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ይሸፍናል፤ ምግቡ፥ ማደሪያውና መንገዱ በወላጅ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ከብት ወይም ቤት ከመሸጣቸው በፊት፥ ደብዳቤውን ከመምህሮቻችን ጋር አንብበን፥ እስከ ምረቃ የሚቀረውን ወጪ በብር እንድናሰላ እመክራለሁ። አለዚያ ነገሩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሆንብናል።